ምስጢር ጠባቂው ሑዘይፋ (ረ.ዐ)



የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ ሰሐባ ነው። ወደሱ ከመግባታችን በፊት ግን ስልካችሁን አንዴ አስቡት። ጓደኛችሁ እያለቀሰች የላከችላችሁ የድምፅ መልእክት እዚያ አለ። የክፍል ልጆች ውጤት ፎቶ አለ። መሥሪያ ቤት ደመወዝ የምትሠሩ ከሆነማ የባልደረቦቻችሁ ብድርና ቅጣት ሳይቀር በእጃችሁ ነው። ይህ ሁሉ የሰው ገመና ነው፤ እናንተ ዘንድ አማና ሆኖ ተቀምጧል። ሑዘይፋ ኢብኑል የማን (ረ.ዐ) ከዚህ ሁሉ የከበደ አማና ተሸክሞ የኖረ ሰው ነው።

አባቱ ሑሰይል የዐብስ ጎሳ ሰው ነበር። በጎሳው ውስጥ ደም ስላለበት ሸሽቶ መዲና ገባ፤ ከአውስ ነገድ ከበኒ ዐብዱል አሽሀል ጋር ቃል ኪዳን ገብቶ ከነሱው አገባ። የአውስ ዘር ከየመን ስለሚመዘዝ አል-የማን የሚለው ስም ወጣለት።

አባትና ልጅ ከሰለሙ በኋላ በድር ላይ አልተገኙም። ፈርተው አይደለም። መንገድ ላይ ቁረይሾች ያዟቸውና ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሆነው ላይዋጉ ቃል አስገብተው ለቀቋቸው። ነገሩን ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲያስረዷቸው፣ ሠራዊታቸው ከ300 ብዙም የማይበልጥ ሆኖ ሳለ፣ ቃላቸውን ጠብቀው እንዲመለሱ አዘዟቸው። ለጠላት የተገባ ቃል! ሑዘይፋ አደራ መጠበቅን የተማረው እዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በኡሑድ ደግሞ አባቱን አጣ። በግርግሩ መሀል ሙስሊሞች ሳያውቁት መቱት። ሑዘይፋ አባቱ መሆኑን እየጮኸ ቢናገርም የሰማው አልነበረም። ለገዳዮቹ የአላህን ምሕረት ለመነላቸው፤ የደም ካሳውንም ለሙስሊሞች ሰደቃ አደረገው።

በ5ኛው ዓመተ ሒጅራ በኸንደቅ ዘመቻ መዲና ተከባ ሳለ፣ ብርዱና ነፋሱ በበረታበት ሌሊት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጠላት ሰፈር ገብቶ ወሬ የሚያመጣ ሰው ጠየቁ። ማንም አልተነሳም። በመጨረሻ ሑዘይፋን በስሙ ጠርተው ላኩት፤ ጠላትን እንዳይነካካም አስጠነቀቁት። ገብቶ ሲያይ አቡ ሱፍያን ጀርባውን እሳት እየሞቀ ነው። ቀስቱን ደገነ፤ ቢለቀው የሚስተው አልነበረም። ትእዛዙ ትዝ ሲለው መለሰው። አቡ ሱፍያን ሰርጎ ገብ እንዳይኖር ሰግቶ ሁሉም አጠገቡ ያለውን እንዲያጣራ ሲናገር፣ ሑዘይፋ ቀድሞ የጎኑን ሰውዬ እጅ ይዞ ማንነቱን ጠየቀው! ወሬውን ይዞ ሲመለስ በብርድ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በልብሳቸው ሸፈኑት፤ እስኪነጋም ተኛ።

እዚህ ላይ፣ ታዲያ እሱም ሰልሏል የሚል አይጠፋም። አዎ፣ በጦርነት ላይ፣ ከተማ የከበበን ጦር፣ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ። ሱረቱል ሑጁራት የከለከለችው እርስ በርስ ነውር መፈላለግን ነው። እህቱ ተኝታ ሳለች በጣቷ ስልኳን ከፍቶ የሚያነብ ልጅ የኸንደቅን ሌሊት ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም።

ትልቁ አማና የመጣው በ9ኛው ዓመተ ሒጅራ ከተቡክ ሲመለሱ ነው። ፊታቸውን የሸፈኑ ሙናፊቆች በሌሊት፣ ተራራማ መተላለፊያ ላይ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ከግመላቸው ሊጥሏቸው አሴሩ። አብረዋቸው የነበሩት ሑዘይፋና ዐማር ኢብኑ ያሲር (ረ.ዐ) ነበሩ። ሴራው ከሸፈ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የሙናፊቆቹን ማንነት ለሑዘይፋ ነገሩት። በሰሒሕ ሙስሊም በሱ በኩል በተላለፈው ሐዲስ ቁጥራቸው 12 እንደሆነ ተጠቅሷል፤ ስም ግን የለበትም። ሰሐቦች ማንም የማያውቀው ምስጢር ባለቤት እያሉ ይጠሩት ነበር።

እስቲ አስቡት። ነቢያችሁን ሊገድል የሞከረ ሰው ከጎናችሁ ሰፍ ገብቶ ይሰግዳል፤ እናንተ ታውቃላችሁ፣ ሌላው አያውቅም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ካለፉ በኋላ ጠያቂ መጣ፤ ጠያቂውም ዑመር (ረ.ዐ) ነበር። ስለ ራሱ ፈርቶ ስሙ ከነዚያ መሀል ይኖር እንደሆነ ሑዘይፋን ጠየቀው። ሑዘይፋ እንደሌለበት ነገረው፤ ከዚያ ወዲያ ግን ለማንም እንዲህ ያለ ማረጋገጫ እንደማይሰጥ ቁርጡን አሳወቀው።

ለምን ይመስላችኋል? አንዱን ነፃ ነህ፣ ሌላውንም ነፃ ነህ እያለ ቢቀጥል፣ መልስ የተነፈገው ሰው ስሙ ሳይጠራ ይታወቃል። ይህን ዘዴ እናንተም ታውቁታላችሁ። ጓደኛችሁ የእገሌን ውጤት እንድትነግሩት አይጠይቅም፤ ከሱ ይበልጥ ወይም ያንስ እንደሆነ ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሌላዋ ደመወዟን አትጠይቅም፤ ከአምስት አሃዝ በላይ መሆኑን ብቻ። ስም ሳትጠሩ፣ ቁጥር ሳትናገሩ፣ ዓይናችሁን ብቻ አይተው ምስጢሩን ይዘውት ይሄዳሉ። ሑዘይፋ በሩን የዘጋው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ማግስት ነው።

ዑመር ከሾማቸው ሰዎች መካከል ከሙናፊቆቹ ወገን ይኖር እንደሆነም ጠይቆት፣ አንድ እንዳለ ብቻ ነግሮት ስሙን እንደነፈገው ተዘግቧል። ጠያቂው ኸሊፋ ነው፤ ምክንያቱም የሕዝብ ጉዳይ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን የዑመር ነገር ነው፤ አላስገደደውም። የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ የድርጅት ኃላፊ፣ የቤት አባወራ የሆናችሁ ይህን ልብ በሉልኝ። ሥልጣን ያለው ሰው ሁሉን ማወቅ አለብኝ ብሎ ሲነሳ ነው የብዙ ሰው ገመና አደባባይ የሚወጣው።

ዑመር የቀረለት አንድ መንገድ ነበር። ሰው ሲሞት ሑዘይፋ ጀናዛው ላይ መገኘቱን ያይ ነበር፤ እሱ ካልሰገደ ዑመርም አይሰግድም። ሑዘይፋ ምላሱን መያዝ ይችላል፤ ሙናፊቅ መሆኑን እያወቀ ሊሰግድበት ግን አይችልም። ገመና መጠበቅ መዋሸትን አይጨምርም።

ዑመር የመዳኢን አስተዳዳሪ አድርጎ ሾመው። ሰዉ ሹሙን ሊቀበል ሲወጣ ያገኘው አህያ ላይ ተቀምጦ ዳቦውን የያዘ ሰው ነው። ምን እንዲሰጡት እንደሚፈልግ ሲጠይቁት የሚበላውንና የአህያውን መኖ ብቻ ጠየቀ። በነሃወንድ ጦርነትም አዛዡ ኑዕማን ኢብኑ ሙቀሪን (ረ.ዐ) ሲወድቅ ባንዲራውን የያዘው እሱ ነበር።

በዑስማን (ረ.ዐ) ዘመን በአርመንያና በአዘርባጃን ዘመቻ ላይ የሻምና የዒራቅ ወታደሮች በቁርኣን አቀራር ሲጣሉ አየ። ያኔ ዝም አላለም። መዲና ሄዶ ለኸሊፋው ነገረ፤ ሙስሐፉ በአንድ ወጥ ተገልብጦ ወደየአገሩ የተላከው ከዚህ በኋላ ነው። አደጋን ማሳወቅና ገመና ማውጣት ለየቅል ናቸው። አስተማሪ ተማሪን ቢተነኩስ፣ ባል ሚስቱን ቢደበድብ፣ የቤት ጉዳይ ነው ተብሎ የሚሸፈነው ነገር ሲትር አይደለም። ማስቆም ለሚችል ሰው ይነገራል፤ በስክሪንሾት ለቴሌግራም ግሩፕ ግን አይበተንም።

አንድ ቀን መስጂድ ውስጥ ከሰዎች ጋር ተቀምጦ ሳለ፣ የሰው ወሬ ለሹም የሚያመላልስ ሰው ገባ። አብረውት የነበሩት ይህንኑ ነገሩት። ሑዘይፋ ወደ ሰውየው አልዞረም፣ ስሙንም አልጠራም። ሰውየው እንዲሰማው ድምፁን አውጥቶ፣ ወሬ አመላላሽ ጀነት እንደማይገባ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማውን ተናገረ። ለአለቃ ወሬ እያቀበሉ እድገት የሚጠብቁ በየመሥሪያ ቤታችን አሉ፤ ሐዲሱ የተላለፈልን በእንዲህ ዓይነቱ ሰው ምክንያት ነው።

ዑስማን (ረ.ዐ) ከተገደለ 40 ቀን ያህል ቆይቶ፣ በ36 ዓመተ ሒጅራ፣ ሑዘይፋ መዳኢን ላይ አረፈ። ከፈኑ ውድ እንዳይሆን ተናግሮ ነበር። መቃብሩ ዛሬ ዒራቅ ውስጥ ሰልማን ፓክ በምትባለው ከተማ፣ ከሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ) መቃብር ጋር ይገኛል።