ስለ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

ዘማችን በእልልታ መሸኘት ለሁሉ ይቻላል፤ ቈስሎ ሲመለስ ተቀብሎ ቍስሉን ማጠብ ግን የጥቂቶች ዕድል ነው። በሐዋርያት ዘመን በኢዮጴ የነበረችው ጣቢታ ስሟ በቅዱስ መጽሐፍ የተጻፈው ሠራዊት መርታ ወይም ከተማ ገንብታ ሳይሆን፣ በመርፌና በክር ለመበለቶች ልብስ ሰፍታ ነው። በአገራችን በኢትዮጵያም የመርፌንና የክርን ሥራ ሳይንቁ፣ የቍስለኛን ሽታ ሳይጸየፉ፣ ከከበረ ቤት ወጥተው ለደከመው ያገለገሉ ሴቶች ነበሩ። ከእነርሱ አንደኛዋ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸው በዚያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ይባሉ የነበሩት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ እናታቸውም እቴጌ መነን አስፋው ናቸው። ከሴቶች ልጆች መካከል የመጨረሻዋ እሳቸው ነበሩ። በ1923 ዓ.ም. አባታቸው ዘውድ ሲጭኑ ገና የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበሩና፣ ዕድሜያቸው ለጨዋታ እንጂ ለሐሳብ የደረሰ አልነበረም። ነገር ግን የልጅነታቸው ዘመን ሳይፈጸም የአገር መከራ ደረሰ።

የኢትዮጵያ ሴት ከጥንት ጀምሮ ከጦርነት ርቃ አታውቅም። ስንቅ የምታዘጋጅ፣ በሶ የምትፈጭ፣ እንስራ አዝላ ከሠራዊቱ ኋላ የምትጓዝ እርሷ ናት። በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ዘመቻ እቴጌ ጣይቱ በጦሩ ሜዳ ተገኝተው ሴቶቹን ለተጠማና ለቈሰለ ወታደር ውኃ እንዲያደርሱ ማሰለፋቸው የታወቀ ነው። ሆኖም ይህ ሁሉ የርኅራኄና የጉብዝና ሥራ ነበር እንጂ በማኅበር የተደራጀ፣ በትምህርትም የተደገፈ አልነበረም። ቍስለኛን ማስታመም ለእናት ወይም ለሚስት የሚተው ነበር፤ እናትና ሚስት የሌለው ግን በየመንገዱ ይቀር ነበር።

የኢጣልያ መንግሥት ኢትዮጵያን ለመውረር በሚዘጋጅበት ጊዜ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935፣ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት ተቋቋመ። በዚሁ ዓመት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም ተመሠረተ። የሴቶቹን ማኅበር ሥራ ከሚመሩት አንደኛዋ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልዕልት ፀሐይ ነበሩ። በአዲስ አበባ የነበሩት የእንግሊዝ ባለ ሙሉ ሥልጣን ሚኒስትር ሚስት ሌዲ ባርተንም ሥራውን አገዙ። የመኳንንት ሚስቶችና ልጆች፣ የከተማም ሴቶች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰብስበው ለዘማቹ ልብስ ይሰፉ፣ ለቍስለኛውም መጠቅለያ ያዘጋጁ ነበር። ደመወዝ የሚቈረጥለት አልነበረም፤ ዋጋው የወንድምና የባል ሕይወት ነበር።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተጀመረ። በኅዳር 26 ቀን የጠላት አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን የሕሙማን ማረፊያ እንኳ አላለፉትም። ከዚያም ጥቂት ቈይቶ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ይዘንብ ጀመር። ወሬው ወደ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ የማኅበሩ ሴቶች ከጨርቅ የመርዝ መከላከያ ጭንብል መስፋት ያዙ። ልዕልት ፀሐይም አብረው ይሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሕዝቡ በመርዝ ማለቁን ገልጠው፣ ስለ ሰብአዊነት እንዲራሩ ለእንግሊዝ አገር ሴቶች መልእክት ላኩ። የዓለም መንግሥታት ዝም ባሉበት ሰዓት ድምፁን ያሰማ የአንዲት ወጣት ሴት አንደበት ነበር።

ይሁን እንጂ በጎ ፈቃድ ብቻውን የማይደርስበት ነገር አለ። ያ መርዝ በአፍንጫ የሚገባ ብቻ ሳይሆን የሰውነትን ቆዳ የሚያቃጥልና የሚልጥ ነበርና፣ በባዶ እግሩ ለሚዘምተው ወታደር የፊት ጭንብል አልበቃውም። የተቃጠለውን ለማከም የሚያውቅ እጅ ያስፈልግ ነበር፤ የሚያውቅ እጅ ግን በአገሩ ሁሉ እጅግ ጥቂት ነበር። ከውጭ አገር የመጡ የቀይ መስቀል ሐኪሞች ቢደክሙም ለእልፍ ቍስለኛ የሚበቁ አልነበሩም። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የኢትዮጵያ ጦር ተሸነፈ። ሚያዝያ 24 ቀንም ንጉሠ ነገሥቱ ከነቤተ ሰባቸው ከአዲስ አበባ ወጥተው በጅቡቲ በኩል ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደዱ።

የሰው ልብ በስደት የሚታወቅ ነው። ክብሩን ያጣ ሰው ብዙ ጊዜ የቀረችውን ጥቂት ክብር አጥብቆ ይይዛል። ልዕልት ፀሐይ ግን በተሰደዱበት በዚያው ዓመት በሎንዶን ከተማ ግሬት ኦርሞንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሆስፒታል የነርስነት ተማሪ ሆነው ገቡ። በዚያ ዘመን የነርስነት ተማሪ በማለዳ ተነሥታ ክፍል የምትጠርግ፣ አልጋ የምታነጥፍ፣ የሕመምተኛውን ገላ የምታጥብ፣ ከበላይዋ የታዘዘችውን ያለ ማጕረምረም የምትፈጽም ነበረች። በአገራቸው ብዙ ሰው እጁን ዘርግቶ ያገለግላቸው የነበሩት የንጉሥ ልጅ፣ ቋንቋቸውን የማያውቁ የባዕድ ሕፃናትን ያጥቡና ያስታምሙ ጀመር። ጌታ በኅብስቱ ማዕድ ወገቡን ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ማጠቡን የሚያውቅ ክርስቲያን ይህን ሲሰማ ውርደት ብሎ አይጠራውም።

ይህም ትምህርት ሐዘን ሳይነካው የተፈጸመ አልነበረም። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ በጠላት እጅ ወድቀው ከልጆቻቸው ጋር ወደ ኢጣልያ ተወስደው ነበር። የልዕልት ሮማነወርቅ ባል ደጃዝማች በየነ መርዕድ በ1929 ዓ.ም. በጠላት ተገደሉ። ልዕልት ሮማነወርቅም በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ በቶሪኖ ከተማ በግዞት ሳሉ አረፉ። ልዕልት ፀሐይ እኅታቸውን ሊያስታምሙ አልቻሉም፤ በእጃቸው ያለውን ሕመምተኛ ግን አልተዉም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 የሕፃናት ነርስነትን ፈተና ፈጽመው በመንግሥት መዝገብ ተጻፉ። ከዚያም የአዋቂዎችን ሕክምና ለመማር ጋይስ ወደሚባለው ሆስፒታል ገቡ። የእንግሊዝ አገር በጀርመን አውሮፕላኖች በተደበደበችበት ጊዜም የነርስነት ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ወደ አዲስ አበባ ገቡ፤ ልዕልት ፀሐይም ወደ አገራቸው ተመለሱ። አምስት ዓመት በዱር በገደል የቈዩት አርበኞች ወደ ቤታቸው ሲመለሱ፣ አንዱ እጁን፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱም ቤተ ሰቡን አጥቶ ነበር። መበለቲቱና ድኻ አደጉ ብዙ፣ ሐኪም ቤቱ ጥቂት፣ ያገሩ ልጅ የሆነ ነርስም እጅግ ጥቂት ነበር። የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም እንደ ገና ሥራውን ጀመረ። ልዕልት ፀሐይ በስደት የቀሰሙትን ዕውቀት የሚያፈስሱበት እርሻ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነበር።

በሚያዝያ ወር 1934 ዓ.ም. ዐቢይ አበበን አገቡ። ባላቸው የወለጋ እንደራሴ ስለ ነበሩ ልዕልት ፀሐይ ወደ ለቀምት፣ ዛሬ ነቀምት ወደሚባለው ከተማ አብረው ሄዱ። ጋብቻቸው አራት ወር ሳይሞላው በእርግዝና ምክንያት ጽኑ ሕመም ደረሰባቸው። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በጾመ ፍልሰታ፣ ምእመናን በየቤተ ክርስቲያኑ ለውዳሴ ማርያምና ለቅዳሴ በሚሰበሰቡበት ሰሞን፣ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በበዓታ ለማርያም ገዳም ተቀበረ። የሌላውን ሰው ልጅ ለማዳን አምስት ዓመት የተማሩት እመቤት፣ ራሳቸው እናት ሊሆኑ በተቃረቡ ጊዜ የሚያድናቸው ሕክምና በቅርብ አልተገኘም። ይህ የእሳቸው ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ በየገጠሩ በምጥና በእርግዝና የሚሞቱት የብዙ ሺህ ሴቶች ሐዘን በንጉሥ ቤት ሲገባ ታየ እንጂ።

የእሳቸው ሞት በኢትዮጵያ ብቻ አልተለቀሰም። በወረራው ዘመን ስለ ኢትዮጵያ ጋዜጣ እያሳተሙ ሲከራከሩ የነበሩት እንግሊዛዊቱ ሲልቪያ ፓንክረስት፣ በልዕልቲቱ ስም ሆስፒታል እንዲሠራ በአገራቸው ገንዘብ የሚሰበስብ ማኅበር አቋቁመው ደከሙ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታልም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ ነርሶችም ይማሩበት ጀመር። ሲልቪያ ፓንክረስት በኋላ ኑሯቸውን በኢትዮጵያ አድርገው በ1960 ዐርፈው በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የሆስፒታሉ ስም ተለወጠ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ይባላል። የሰፈሩም መጠሪያ በዚሁ ስም ሆነ። የልዕልቲቱ ስም ከበሩ ላይ ቢወርድ ግን የሥራቸው ፍሬ ከግቢው አልወጣም። በልጅነታቸው ልብስ የሰፉለት፣ ጭንብል የሠሩለት፣ ሊያስታምሙት የተማሩለት ያ ወታደር ዛሬም በዚያ ቤት ይታከማል። ስም በሰው እጅ ይጻፋል፣ በሰው እጅም ይፋቃል፤ ለቍስለኛ የተሰጠ ጽዋዕ ውኃ ግን በማይፋቅ መዝገብ ይቀመጣል።

ቅኔ ዐዋቂ ስማቸውን ሲሰማ ሰሙን ትቶ ወርቁን ይፈልጋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይመሻል፤ ነገር ግን ቀን የበራላት እርሻ ማታም ቢሆን ፍሬዋን አትጥልም። ይህ ደብር ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት ወራት በአጥቢያው ያሉ እናቶችና እኅቶች ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ይወርሳሉ። አንደኛው፣ በማኅበርና በሰንበቴ የሚሰበሰበው እጅ ከጦር ሜዳ አካሉን አጥቶ የተመለሰውን ጎረቤት፣ ባሏ የሞተባትን ሴት፣ አባቱን ያጣውንም ሕፃን እንዲፈልግ ነው፤ እነዚህ ሁሉ ዛሬም በየአጥቢያው አሉና። ሁለተኛው፣ ርኅራኄ ከዕውቀት ጋር ካልተጋባ በመንገድ እንደሚደክም ዐውቀው፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ማስታመምንና ማዋለድን እንዲያስተምሩ ነው። ያን ጊዜ በለቀምት የጐደለው በሌላ ቤት አይጐድልም።

ለነፍሳቸው ዕረፍትን፣ ለሚያገለግሉትም ሁሉ ጽናትን እግዚአብሔር ይስጥ፤ አሜን።