አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፤ የሚቀድመውን ያስቀደሙ አባት

ሰው በሥራውም በቤቱም የሚጨነቀው ክፉውን ከመልካሙ ለመለየት ብቻ አይደለም። ክፉውንስ ሕሊናው ይነግረዋል። ይልቁንም የሚያስቸግረው ሁለት መልካም ነገሮች ባንድ ጊዜ ሲጠሩትና ለሁለቱም መድረስ ሲሳነው ነው። በዚህ ረገድ የቤተ ክርስቲያናችን የመጀመሪያው ጳጳስ የአባ ሰላማ ሕይወት ታላቅ ትምህርት ይሰጠናል።

ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰው ነበረ። በ4ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገና ልጅ ሳለ፥ ከባልንጀራው ከኤዴስዮስ ጋር መምህራቸውንና ዘመዳቸውን ሜሮጵዮስን ተከትሎ ወደ ሩቅ አገር ተጓዘ። ሲመለሱ መርከባቸው ውሃና ስንቅ ለመያዝ በቀይ ባሕር ዳርቻ ካለ ወደብ በቆመች ጊዜ፥ የአገሩ ሰዎች በላይዋ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኙ፤ ስለ ልጅነታቸውም ታዘነላቸውና ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። ንጉሡም ኤዴስዮስን የመጠጥ አሳላፊ፥ ፍሬምናጦስን ደግሞ ብልህነቱን አይቶ የግምጃ ቤቱና የጽሕፈቱ ሹም አደረገው።

ንጉሡ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ ሁለቱንም ነጻ አወጣቸው፤ ወደ አገራቸው የሚወስደውም መንገድ ተከፈተላቸው። ኾኖም ንግሥቲቱ፥ ልጇ ገና ሕፃን ስለ ነበረ፥ እርሱ እስኪያድግ ድረስ በመንግሥቱ ሥራ ይረዷት ዘንድ ለመነቻቸው፤ እነርሱም እሺ ብለው ቀሩ። ፍሬምናጦስ የመንግሥቱ ሥራ ቢበዛበትም የነፍስን ሥራ ወደ ኋላ አላለም። ከሮም ግዛት ለንግድ የሚመጡትን ክርስቲያኖች እየፈለገ፥ የሚጸልዩበት ቤት እንዲኖራቸው ይረዳቸው ነበረ።

ልዑሉ አድጎ አደራው በተመለሰ ጊዜ፥ በፊታቸው ሁለት መልካም መንገዶች ነበሩ። ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ለማየት ወደ ጢሮስ ሄደ። በዚህም የሚነቅፈው የለም፤ በዚያ ቅስና ተቀብሎ አገልግሏል፤ ታሪካቸውንም ለጸሓፊው ለሩፊኖስ የነገረ እርሱ ነው። ፍሬምናጦስም እንደ እርሱ አገርና ዘመድ ነበረው። ነገር ግን በአክሱም የተሰበሰበችው ጥቂት መንጋ እረኛ አልነበራትም፤ ችግሯንም ለቤተ ክርስቲያን አባቶች ለማስታወቅ ከእርሱ የተሻለ ሰው አልነበረም። ስለዚህ የጢሮስን መንገድ ትቶ ወደ እስክንድርያ ሄደ።

በዚያ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ328 ዓ.ም. መንበሩን ለያዘው ለቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩን ሁሉ አስረዳ። የለመነውም ለራሱ ሹመት ሳይኾን የሚገባ ጳጳስ እንዲላክ ነበረ። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን ከጳጳሳቱ ጋር ተማክሮ፥ ከእርሱ የሚሻል እንደሌለ ስላመነ፥ እርሱኑ ሾሞ ወደ መጣበት መለሰው።

አባ ሰላማም ተመልሰው አስተማሩ፥ አጠመቁ። የንጉሥ ዒዛና ገንዘብ ይህን ይመሰክራል፤ ቀድሞ የጨረቃ ምልክት ይቀረጽበት የነበረው በኋላ የመስቀል ምልክት ተቀርጾበታልና። ስለዚህም ከሣቴ ብርሃን ተባሉ፤ ሐምሌ 26 ቀንም መታሰቢያቸው ይከበራል።

እንግዲህ ቅደም ተከተላቸውን እናስተውል። አስቀድመው የተቀበሉትን አደራ ፈጸሙ፤ በሥራ ብዛትም ጸሎትን አላስታጐሉም፤ በመጨረሻም ከሁለቱ መልካም ነገሮች ሌላ ሰው የማይሠራላቸውን መረጡ። ካህኑ ለስብሰባ ሲጣደፍ የታመመ የንስሐ ልጁን ሳይጠይቅ ይውላል፤ አባትም ለልጆቹ እንጀራ ሲደክም ልጆቹ ሳያያቸው ያድጋሉ። ስብሰባውን ሌላ ሊመራው፥ ሥራውንም ሌላ ሊሠራው ይችል ይኾናል። የንስሐ አባትነትና ወላጅነት ግን ለሌላ አይሰጡም። ስለዚህ እያንዳንዳችን በየማለዳው፥ ዛሬ እኔ ባልሠራው ማንም የማይሠራልኝ የትኛው እንደ ኾነ ሕሊናችንን ጠይቀን እርሱን እናስቀድም።

የአባታችን የአባ ሰላማ ጸሎትና በረከት ከሁላችን ጋር ይኑር፤ አሜን።