ኒኮ ቲንበርገንና የባሕር ወፎቹ

በዚህ ዕትማችን የምናስታውሰው ሰው ኒኮ ቲንበርገን ይባላል። የተወለደው በሆላንድ አገር፣ በሄግ ከተማ በ1907 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። ልጁ ግን ጎበዝ ተማሪ አልነበረም፤ ክፍል የሚያልፈው ለጥቂት ነው። ልቡ ያለው ከባሕሩ ዳር፣ ከአሸዋው ኮረብታና ከወፎቹ ዘንድ ነበር።

በዚያ አሸዋ ላይ ነጭ አካል፣ ግራጫ ክንፍና ቢጫ ምንቃር ያላቸው የባሕር ወፎች ይፈለፍላሉ። ዘመዶቻቸውን በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ያያችሁ ትኖራላችሁ። ቲንበርገን ከጎጇቸው አጠገብ የሸራ ድንኳን ተክሎ፣ እውስጡ ተደብቆ በትዕግሥት ይጠብቃል። ወፎቹ ድንኳኑን ሲለምዱት እንደ ልባቸው ይሆናሉ፤ እሱም እንቁላል ሲታቀፉ፣ ጫጩት ሲመግቡ ያያል፣ ይጽፋል፣ ፎቶግራፍ ያነሳል።

ናዚዎች ሆላንድን በያዙ ጊዜ በሌይደን ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። አይሁድ መምህራንን ማባረርና ዩኒቨርሲቲውን እንደ ፈቃዳቸው ማድረግ ሲጀምሩ ከባልደረቦቹ ጋር ተቃወመ። በዚህም ከ1942 እስከ 1944 ታግቶ በእስረኞች ሰፈር ቆየ። እዚያም ሆኖ ለልጆቹ ስለ አንድ የባሕር ወፍ ታሪክ ጻፈላቸው፤ ሥዕሉንም ራሱ ሣለው።

ጦርነቱ ሲያበቃ ወደ ወፎቹ ተመለሰ። ታዲያ አንድ ጥያቄ ነበረው። ወላጆቹ ምግቡን በሆዳቸው ይዘው ይመጣሉ፤ ጫጩቱ ምንቃራቸውን ጠቅ ጠቅ ሲያደርግ ያስመልሱለታል። ዛሬ የተፈለፈለ ጫጩት የት እንደሚነካ ማን ነገረው? በታችኛው ምንቃር ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ አለች። ቲንበርገንና ተማሪዎቹ ከካርቶን የወፍ ራስ እየቆረጡ፣ ነጥቧን አንዴ ቀይ፣ አንዴ ጥቁር፣ አንዴ ነጭ እየቀቡ፣ አንዳንዴም ጨርሰው እየተዉ ለጫጩቶቹ አሳዩ፤ ጠቅታውንም ቆጠሩ። ከሁሉ አብልጠው የነኩት ባለ ቀይ ነጥቡን ነበር። ነጥብ የሌለውን ብዙም አልፈለጉትም። የጭንቅላቱ ቀለም ቢለወጥ ግን ግድ አልነበራቸውም።

በ1949 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተማር ጀመረ። በ1953 ስለነዚሁ ወፎች ኑሮ መጽሐፍ አሳተመ። በ1973 ከኮንራድ ሎሬንዝና ከካርል ፎን ፍሪሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1988 ዐረፈ።

እኛ ዕጩ መምህራን ብዙዎቻችን ላቦራቶሪ ወደሌለበት ትምህርት ቤት እንመደባለን። በማስተማር ልምምዳችን ጊዜ ስለ ወፎች ስናስተምር ጥቁር ሰሌዳ ሞልተን ጻፍንና አስገለበጥን። መሣሪያ የለም አልን። እመስኮቱ ሥር ካለው ዛፍ ላይ ግን ወፍ ጎጆዋን ትሠራ ነበር፤ ተማሪዎቹም ወደዚያው ያዩ ነበር። ዝም ብላችሁ ጻፉ አልናቸው እንጂ ማናችንም ይዘናቸው አልወጣንም። ካርቶንና መቀስ እኮ የትም አይጠፋም።