ፍራንዝ ፊሸር፤ ከድንጋይ ከሰል ናፍጣና ሰም ያወጣው ሊቅ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድና ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፈው መንገድ የሚለያዩት በከተማችን በወረታ ነው። በዚህ መገናኛ የነዳጅ ቦቴ ሳያልፍ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ቦቴው የሚጭነው ናፍጣ ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በጅቡቲ በኩል የገባ ነው። በርብና በጉማራ ወንዝ ዳር ውሃ የሚስበው የገበሬው ሞተርም ከዚሁ ነዳጅ ይጠጣል። ነዳጁ የዘገየ እንደ ሆነ ሽንኩርቱ በማሳው ይደርቃል። የዘይት ጉድጓድ የሌለው አገር ነዳጁን ከየት ያግኝ የሚለውን ጥያቄ ይዞ አብዛኛውን ዕድሜውን የደከመ አንድ ጀርመናዊ ሊቅ ነበረ፤ ስሙም ፍራንዝ ፊሸር ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ፊሸር ማርች 19 ቀን 1877 በደቡብ ጀርመን በፍራይቡርግ ከተማ ተወለደ። ኬሚስትሪ ተምሮ በ1899 በጊሰን ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነትን ማዕርግ ተቀበለ። ከዚያም በላይፕሲግ ከኦስትቫልድ፥ በፓሪስ ከሟሳን፥ በበርሊንም ከኤሚል ፊሸር ዘንድ እየተዘዋወረ ሠራ። እነዚህ ሦስቱ የኖቤል ሽልማት የተቀበሉ ታላላቅ መምህራን ናቸው። ኤሚል ፊሸርና ፍራንዝ ፊሸር በስም ቢመሳሰሉም ሁለት የተለያዩ ሰዎች መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ብዙ ተማሪ ያደናግራቸዋልና። የኛ ፊሸር በ1911 በበርሊን ሻርሎተንቡርግ በሚገኘው ከፍተኛ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆነ።

በዚያን ጊዜ ጀርመን አገር የድንጋይ ከሰል ሞልቶ ተርፏት ሳለ የምድር ዘይት ግን እምብዛም አልነበራትም። ስለዚህ የሩር አውራጃ ባለ ፋብሪካዎችና የካይዘር ቪልሄልም ማኅበር ተባብረው ከሰል የሚመረመርበት ተቋም በሙልሃይም ከተማ አቆሙ፤ ፊሸርንም በ1913 የመጀመሪያው ዲሬክተር አድርገው መረጡት። ተቋሙ የተመረቀው ጁላይ 27 ቀን 1914 ነው። በማግሥቱ ኦስትሪያ በሰርቢያ ላይ ጦርነት አወጀች፤ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነትም ተጀመረ። የፊሸር ሥራና ጦርነት እንዲህ በአንድ ሳምንት ተወልደው፥ ወደፊት እንደምናየው፥ እስከ መጨረሻው ሳይለያዩ ኖሩ።

ከሰል ጠጣር ነገር ስለ ሆነ በመኪና ሞተር ውስጥ አይገባም። ቤርጊዩስ የተባለው ሌላው ጀርመናዊ ከሰሉን በብርቱ ግፊት ከሃይድሮጅን ጋር በማዋሐድ ፈሳሽ ለማድረግ ሞከረ፤ ተሳካለትም። ፊሸር ግን ሌላ መንገድ መረጠ። አሮጌ ቤት አፍርሶ በድንጋዩ አዲስ ቤት እንደሚሠራ ግንበኛ፥ ከሰሉን ፈጽሞ ወደ ጋዝ ለውጦ ከጋዙ እንደ ገና ዘይት ለመገንባት ተነሣ። በቀላ ከሰል ላይ የውሃ እንፋሎት ቢነፋበት ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን የተባሉ ሁለት ጋዞች ይወጣሉ። እነዚሁ ጋዞች ከምድር ከሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝም ሊገኙ ይችላሉ።

በዚህ ሥራ የረዳው ሃንስ ትሮፕሽ ነው። ትሮፕሽ በ1889 በቦሔሚያ የተወለደ ትጉህ ኬሚስት ነበረ። ሁለቱ በ1923 ጋዞቹን በብርቱ ሙቀትና ግፊት በብረት ላይ ቢያሳልፉ ያገኙት ፈሳሽ አልኮልና አሲድ የበዛበት ሆነ፤ ለሞተር የተመኙት ዘይት አልነበረም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግፊቱን ይጨምር ነበር። እነሱ ግን ግፊቱን ቀንሰው፥ ሙቀቱንም ዝቅ አድርገው፥ በብረትና በኮባልት ላይ ሞከሩት። በ1925 የተፈለገው ዘይት ተንጠባጠበ፤ በ1926 ውጤቱን ለዓለም አሳወቁ። ትሮፕሽ በ1928 ሙልሃይምን ለቆ ወደ ፕራግ፥ ከዚያም ወደ አሜሪካ ሄደ፤ በ1935 ታሞ ተመለሰና በኤሰን ከተማ በ46 ዓመቱ ሞተ። ብልሃቱ እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም ፊሸር ትሮፕሽ እየተባለ ይጠራል።

አሁን ወደ ሰሙ እንምጣ፤ የዚህ ሥራ ትልቁ ጣጣም ትልቁ ሀብትም እሱ ነውና። በኮባልቱ ላይ ካርቦን ከካርቦን ጋር እየተያያዘ በክር ላይ እንደሚሰካ ጨሌ ይረዝማል። ክሩ የት ላይ እንዲቆም ማዘዝ አይቻልም። አጭሩ ጋዝ ሆኖ ይቀራል፤ መካከለኛው ቤንዚንና ናፍጣ ይሆናል፤ ረጅሙ ነጭ ሰም ነው። የፎገራ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም። የላሞቻችን ቅቤ በእሳት ዳር እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ሌሊት ብርድ ሲያገኘው ግን በጠርሙሱ ውስጥ ይረጋና ባለቤቲቱ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ ካላቆመችው አንዲት ጠብታ አይወጣም። የፊሸር ሰም ከቅቤ እጅግ የባሰ ነው፤ አንዳንዱ ክፍል ውሃ ወደሚፈላበት ሙቀት ካልተጠጋ አይቀልጥም።

እንግዲህ ቧንቧው ቢበርድ ሰሙ በውስጡ ደርቆ እንደ ዱላ ይሆናል። ስለዚህ ቧንቧውን በእንፋሎት መሸፈኛ ማሞቅ፥ በጋኑ ውስጥም የእንፋሎት ቧንቧ መጠምጠም፥ ፋብሪካውም ከመቆሙ በፊት መስመሩን በቀጭን ዘይት ማጠብ ግድ ነው። ከዚህም በላይ ሰሙ የኮባልቱን ቀዳዳዎች እየደፈነ ሥራውን ያደክመዋል። በጀርመን ፋብሪካዎች ኮባልቱን በየጊዜው በዘይት ወይም በሃይድሮጅን እያጠቡ ያድሱት ነበር። ሙቀቱም ከ200 ዲግሪ ገደማ ጥቂት ቢያልፍ ዘይቱ ቀርቶ ሜቴን ጋዝ ይበዛል። ሥራው ራሱ ብዙ ሙቀት ስለሚያወጣ እያንዳንዱ ምድጃ በውሃ ቧንቧ ተሞልቶ፥ ያን ሁሉ ብረት ተሸክሞ፥ በቀን የሚሰጠው 2 ቶን ያህል ብቻ ነበር። በኔ አስተያየት የፊሸር ትዕግሥት ከብልሃቱ ይበልጣል።

በ1934 ሩርኬሚ የተባለው ኩባንያ የብልሃቱን መብት ተቀበለ፤ በ1936 ፋብሪካ በኦበርሃውዘን ሆልተን ማምረት ጀመረ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ 9 ፋብሪካዎች ተቋቁመው በዓመት ግማሽ ሚሊዮን ቶን ያህል ያወጡ ነበር። ሰሙንም አልጣሉትም። የቀለጠውን ሰም አየር እየነፉበት ወደ ስብ አሲድ ለወጡትና ሳሙና ሠሩበት፤ በቪተን ከተማም ከግሊሰሪን ጋር አዋሕደው ለሰው የሚበላ ቅቤ አደረጉት። ከድንጋይ ከሰል የወጣ ቅቤ ማለት ነው! ወተት በሚታለብበት በፎገራ ሜዳ ለሚኖር ሰው ይህ ተረት ይመስላል፤ እውነት ግን ነው።

ይሁን እንጂ የዚህ ነዳጅ ትልቁ ተጠቃሚ የሂትለር ጦር ነበረ። በ1944 በሽቫርትስሃይደ ፋብሪካ ከማጎሪያ ካምፕ የመጡ እስረኞች በግዳጅ ይሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት የተባባሪዎቹ አውሮፕላኖች የነዳጅ ፋብሪካዎቹን እየደጋገሙ ደበደቡ። የፊሸርን ሕይወት የሚጽፍ ሰው ይህን አልፎ ብልሃቱን ብቻ ቢያመሰግን እውነቱን ከግማሽ ላይ ቆረጠው ማለት ነው። በ1931 የኖቤል ሽልማት ለቤርጊዩስና ለቦሽ ሲሰጥ ፊሸር አላገኘም፤ ኋላም አልተሰጠውም።

ፊሸር በ1943 ሥራውን ለካርል ሲግለር አስረክቦ ጡረታ ወጣ። ዲሴምበር 1 ቀን 1947 በ70 ዓመቱ በሙኒክ ከተማ አረፈ። ሲሞት ፋብሪካዎቹ በጦርነቱ እጅግ ተጎድተው ነበርና ሥራው አብሮት የተቀበረ ይመስል ነበር።

ነገር ግን ደቡብ አፍሪካ በ1955 በሳሶልበርግ ከከሰል ነዳጅ ማውጣት ጀመረች። በ1993 በማሌዢያ በቢንቱሉ ከተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ ፋብሪካ ተከፈተ። በ2011 ደግሞ ቀጠር ፐርል የተባለውን በዓለም ትልቁን አስጀመረች፤ በቀን 140,000 በርሜል ለማምረት የተሠራ ነው። በእነዚህ በኋለኞቹ ፋብሪካዎች የአሠራሩ ሐሳብ ተገለበጠ። ሰሙን ከመሸሽ ይልቅ አውቀው እንዲበዛ ያደርጉታል፤ ከዚያም ረጅሙን ሰንሰለት በሃይድሮጅን ሰብረው በሚፈልጉት ልክ ናፍጣ ያወጡበታል። ናፍጣውም ድኝ የሌለበት ንጹሕ ነው።

በአገራችን በኦጋዴን ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ የተገኘው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋም የከሰል ድንጋይ እንዳለ የታወቀ ነው። ሁለቱም ለፊሸር ብልሃት ጥሬ ዕቃ መሆን ይችላሉ። ችግሩ ፋብሪካው እጅግ ብዙ ገንዘብ መጠየቁ ነው፤ የፐርል ፋብሪካ በቢሊዮን የሚቈጠር ዶላር ፈጅቷል።

የሙልሃይሙ ተቋም ዛሬም ማክስ ፕላንክ የከሰል ምርምር ተቋም ተብሎ በሥራ ላይ ነው። የፊሸርን ወንበር የወረሰው ሲግለር በ1953 በዚያው ቤት ፖሊኤቲሊን የተባለውን ፕላስቲክ ያለ ብርቱ ግፊት መሥራት ቻለ፤ በ1963ም ከጣሊያናዊው ናታ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ውሃ የምንቀዳበት ጀሪካን የሚሠራው ከዚህ ዓይነቱ ፕላስቲክ ነው።