ቅዱስ አትናቴዎስና «ነበረ» የሚለው ቃል

ሃይማኖት በአንዲት ቃል ልትናወጥ፥ በአንዲት ቃልም ልትጸና እንደምትችል ከቅዱስ አትናቴዎስ ሕይወት እንማራለን።

ቅዱስ አትናቴዎስ ገና ዲያቆን ሳለ፥ የእስክንድርያውን ሊቀ ጳጳሳት እለእስክንድሮስን ተከትሎ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ325 ዓ.ም. ወደ ኒቅያ ጉባኤ ሄደ። አርዮስ ወልድ ያልነበረበት ጊዜ ነበረ የሚል ትምህርት አስነሥቶ ነበር፤ ነገር ግን በጽርእ ሲናገረው ጊዜ የሚለውን ስም አውጥቶ፥ «ነበረ» እና «አልነበረም» በሚሉት ግሦች መካከል ሸሸገው። 318ቱ ሊቃውንትም ይህን አነጋገር አወገዙ።

አትናቴዎስ ኋላ በአርዮሳውያን ላይ በጻፋቸው መጻሕፍት የተሸሸገውን ገለጠ። ስሙ ቢጠፋም ነገሩ አልጠፋም፤ ነበረና አልነበረም ባሉበት ፊትና ኋላ አለ፤ ፊትና ኋላ ባሉበትም ዘመን አለ። ዘመናት ሁሉ የተፈጠሩት ግን በወልድ ነው፤ ታዲያ ፍጡሩ ዘመን ፈጣሪውን እንዴት ይቀድመዋል? ደግሞስ ወልድ ያልነበረበት ካለ፥ አብ አባት ያልሆነበት ሊኖር አይደለምን?

ይህ የሰዋስው ክርክር ብቻ አይምሰለን። ወልድ በዘመን የጀመረ ፍጡር ቢሆን ኖሮ ፍጡራንን ከእግዚአብሔር ጋር ሊያዋሕድ ባልቻለም ነበር። ክርክሩ ስለ መዳናችን ነው።

አትናቴዎስ በ328 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳሳት ተሾመ። በ45 ዓመት ሹመቱ 5 ጊዜ ተሰደደ፤ 17 ዓመት ያህል ከመንበሩ ርቆ ኖረ። በ356 ዓ.ም. ወታደሮች ቤተ ክርስቲያኑን በከበቡ ጊዜ አምልጦ ወደ ግብፅ በረሃ ሄደ፤ መነኮሳቱም ሸሸጉት።

ፍሬምናጦስን፥ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፥ ጵጵስና ሾሞ የላከልንም እርሱ ነው። ንጉሡ ቈስጠንጢዎስ ፍሬምናጦስ በአርዮሳዊው ሊቀ ጳጳስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ለአክሱም ገዢዎች ለዔዛናና ለሳይዛና ቢጽፍም፥ ሀገራችን በአትናቴዎስ ሃይማኖት ጸናች።

በአማርኛ ስለ አንድ ሰው ነበረ ስንል ብዙ ጊዜ ዛሬ የለም ማለታችን ነው። የግእዙ የዮሐንስ ወንጌል ግን ስለ ቃል ሲጀምር «ውእቱ» ይላል፤ ይህም መምህራን ነባር አንቀጽ የሚሉት ሲሆን፥ በራሱ ኃላፊና ትንቢት አይለይበትም። እንግዲህ ካህናት ወንጌሉን ለምእመናን በአማርኛ ስንተረጕም፥ ለቃል የተነገረው ነበረ ያለፈ ማለት እንዳልሆነ፥ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ህልውና መሆኑን አብረን ልናስረዳ ይገባናል።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ373 ዓ.ም. ግንቦት 7 ቀን ዐረፈ። በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።