ጥንዚዛ ሻጩ ፕሬዚዳንት

የአልፍሬድ ራስል ዋላስ ስም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዳርዊን ጋር ተያይዞ ነው። እኔ ግን ሰውየውን የወደድኩት የለንደኑ የነፍሳት ጥናት ማኅበር በር እንዴት እንደተከፈተለት ካነበብኩ በኋላ ነው።

ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1833 ሲመሠረት ዳርዊን ከመጀመሪያዎቹ አባላት አንዱ ነበር። ዳርዊን የባለጠጋ ሐኪም ልጅ ነው፤ ጥንዚዛ የሚሰበስበው ለፍቅሩ ነው። በ1823 በዌልስ የተወለደው ዋላስ ግን አባቱ ገንዘቡን ስላከሰረ ገና በ14 ዓመቱ ገደማ ከትምህርት ቤት ወጥቶ የመሬት ቅየሳ የተማረ ሰው ነው። ጥንዚዛ መልቀም ያስለመደው ሌስተር ከተማ ሲያስተምር የተዋወቀው ሄንሪ ቤትስ ነበር። ሁለቱ በ1848 ተያይዘው አማዞን ወረዱ። ወጪያቸውን የሚሸፍኑት የያዙትን ለንደን ላለ ወኪል እየላኩ በማሸጥ ነው።

ዋላስ በ1852 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ውቅያኖስ ላይ ተቃጠለ። አብሮት የተጫነው ስብስብ እንዳለ ወደመ፤ እሱም 10 ቀን በጀልባ ተንከራትቶ ተረፈ። ታናሽ ወንድሙ ኸርበርት ቀደም ሲል እዚያው ብራዚል ውስጥ በቢጫ ወባ ሞቷል።

በማኅበሩ ስብሰባዎች ላይ ብቅ ማለት የጀመረው እንዲህ ባዶ እጁን ቀርቶ፣ ያውም በእንግድነት ነው። በዚያ ዘመን ለገንዘብ ብሎ የሚሰበስብ ሰው በጨዋዎቹ ዘንድ ይናቃል። ደግነቱ የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ኤድዋርድ ኒውማን በ1854 ባደረገው ንግግር ንቀቱን ነቅፎ ጫካ ገብተው የሚለቅሙትን አወደሰ። (ለኒውማን ስም ይህችው ንግግር ትበቃዋለች ባይ ነኝ።)

ዋላስ በዚያው ዓመት ወደ ማላይ ደሴቶች ተጓዘ። በስምንት ዓመት 125,660 ናሙና ሰበሰበ፤ ከ83,000 በላይ የሚሆነው ጥንዚዛ ነው። በ1855 ስለ ዝርያዎች አመጣጥ ጽሑፍ ቢያሳትም፣ ለንደን ያሉ አንዳንድ ሊቃውንት ንድፈ ሐሳቡን ትቶ ለቀማው ላይ ቢያተኩር ይሻላል ማለታቸውን ወኪሉ ጻፈለት። ጥንዚዛው እንጂ ሐሳቡ አልተፈለገም ማለት ነው። አልተወውም። በ1858 ትኩሳት ይዞት ሳለ የመጣለትን የተፈጥሯዊ ምርጫ ሐሳብ ጽፎ ለዳርዊን ላከ። የሁለቱ ጽሑፎች በዚያው ዓመት በሊኒየን ማኅበር አብረው ሲነበቡ እሱ ገና ደሴቶቹ ላይ ነበር፤ ፈቃዱንም የጠየቀው አልነበረም።

በእንግድነት ይቀመጥበት የነበረው የነፍሳት ጥናት ማኅበር ፕሬዚዳንት የሆነው በ1870 ነው። ክብሩ ግን እንጀራ አልሆነውም። ቋሚ ሥራ ፈልጎ አላገኘም፤ የፈተና ወረቀት እያረመ ይኖር ነበር። በዓመት 200 ፓውንድ የመንግሥት ጡረታ የተፈቀደለት በ1881 ሲሆን፣ ለዚህ ደጅ የጠናለትም ዳርዊን ነበር። ዋላስ በ1913 በ90 ዓመቱ አረፈ።