ካመርሊንግ ኦነስ እና የጅረት ደፍ

ሄይኬ ካመርሊንግ ኦነስ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1853 በሰሜናዊቷ የኔዘርላንድ ከተማ በግሮኒንገን ተወለዱ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው የጡብ ፋብሪካ ባለቤት ነበሩ። በሃይደልበርግ ከቡንሰንና ከኪርሆፍ ዘንድ ከተማሩ በኋላ በ1879 በግሮኒንገን የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ፤ በ1882 ደግሞ ገና በ29 ዓመታቸው በላይደን ዩኒቨርሲቲ የሙከራ ፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኑ። ዕውቀት በልኬት ይገኛል የሚል ጽኑ እምነት ነበራቸው። የፋን ደር ቫልስን የጋዝ ንድፈ ሐሳብ በልኬት ለመፈተን ጋዞችን እስከ ፈሳሽነት ማቀዝቀዝ ግድ ሆነባቸው።

ሥራው ግን በመሐል ተቋረጠ። በ1807 ባሩድ የጫነች ጀልባ ፈንድታ የላይደንን አንድ ሠፈር አውድማ ነበር፤ ላቦራቶሪው የቆመውም በዚያው የፍርስራሽ ቦታ ላይ ነው። በውስጡ የታመቀ ጋዝ መኖሩ የከተማዋን ሰዎች ስላሰጋ፣ ከ1895 ጀምሮ የማቀዝቀዣ ሥራው ለሦስት ዓመት ያህል ታገደ። ተፎካካሪያቸው ጄምስ ዴዋር እገዳውን በመቃወም ደብዳቤ ጽፈውላቸዋል፤ ሃይድሮጅንን በ1898 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ፈሳሽነት የለወጡትም እኚሁ ዴዋር ናቸው።

ኦነስ መልሰው የቀደሙት የተደራጀ የሰው ኃይል ስላፈሩ ይመስለኛል። በ1901 የመሣሪያ ሠሪዎች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ ብርጭቆ ነፊውና መካኒኩ ከተመራማሪው እኩል የሚያስፈልጉበት ላቦራቶሪ ነበርና። ጁላይ 10 ቀን 1908 ከንጋት እስከ ምሽት በዘለቀ ሥራ 60 ሚሊ ሊትር ያህል ፈሳሽ ሂሊየም ተገኘ።

ኤፕሪል 8 ቀን 1911 የባዜቃ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 4.2 ኬልቪን ገደማ ላይ በድንገት ጠፋ። ልኬቱን ያካሄዱት ረዳታቸው ጊለስ ሆልስት ቢሆኑም ጽሑፉ የወጣው በኦነስ ስም ብቻ ነው። የዘመኑ ልማድ ነበር ቢባልም ለሆልስት ፍትሐዊ አልነበረም። የ1913 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ለኦነስ ተሰጠ።

በዚያው ዓመት በቺካጎ ለተካሄደው ዓለም አቀፍ የማቀዝቀዣ ጉባኤ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ኃይል ሳያባክን 100,000 ጋውስ መግነጢሳዊ መስክ የሚፈጥር የሽቦ ጥቅል ሊሠራ እንደሚችል ተስፋ ሰጡ። ይሁንና አንድ መሰናክል አስቀድሞ ታይቷቸው ነበር፤ ጅረቱ የተወሰነ ደፍ ሲያልፍ የጠፋው ተቃውሞ ይመለሳል። በ1914 ደግሞ ከ1,000 ጋውስ ያነሰ መስክ እንኳ በእርሳስ ላይ ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው አረጋገጡ። የታሰበው ጥቅል ሳይሠራ ቀረ። ኦነስ በ1923 ጡረታ ወጥተው ፌብሩዋሪ 21 ቀን 1926 በላይደን ሲያርፉ ደፉ የሚታየው እንደ እንቅፋት ብቻ ነበር።

የኃይል መሐንዲሶች ይህን እንቅፋት ለጥቅም ያዋሉት ዘግይቶ ነው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር በዙሪክ አዲስ የሱፐርኮንዳክተር ሴራሚክ ቤተሰብ አገኙ፤ በቀጣዩ ዓመት እስከ 93 ኬልቪን የሚሠራ ተከተለ። በ77 ኬልቪን የሚፈላው ናይትሮጅን ውዱን ሂሊየም ለመተካት በቃ።

ሁለት የከተማ ማከፋፈያ ጣቢያዎች በተለመደ ኬብል ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይደግፋል፤ ነገር ግን ሾርት በተፈጠረ ጊዜ የሁለቱም ጅረት ወደ ብልሽቱ ስለሚጎርፍ ከመቁረጫዎቹ አቅም በላይ ሊሆን ይችላል። በሱፐርኮንዳክተር ኬብል ግን የብልሽቱ ጅረት ደፉን ሲያልፍ የሴራሚኩ ንጣፍ በሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ተቃውሞ ያወጣል። ጅረቱ ከፍ ያለ ተቃውሞ ወዳለው የብረት ሽፋን ይገፋል፤ መቁረጫው ከመክፈቱ በፊትም ይገታል። አነፍናፊም ሆነ ትእዛዝ አያስፈልግም። በዚህ መርሕ የተሠራ ኬብል በ2021 በዚያችው በቺካጎ ከተማ የኃይል መረብ ላይ ሥራ ጀመረ።

የንድፉ ፈተና ደፉን ማስቀመጡ ላይ ነው። ከመደበኛው ጭነት እጅግ ከራቀ ገቺነቱ ይዳከማል፤ እጅግ ከቀረበ ደግሞ ተራ የጭነት መጨመር ኬብሉን ከሱፐርኮንዳክተርነቱ ያወጣዋል። ከብልሽቱ በኋላም የሞቀው ንጣፍ በናይትሮጅኑ እስኪቀዘቅዝ ሙሉ ጭነት ሊመለስለት አይችልም።